ፎርም ከመፈታቱ በፊት ሶሌታውን ራሱን እንጠይቀው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ህንጻ ሲደረመስ ስንት ሰው እንደተጎዳ ትዘግባላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከዛ በፊት በነበሩት ቀናት ሳይት ላይ ምን ሲወሰን እንደነበር ሲጻፍ ብዙም አላየሁም ስለዚህ ከሳይት ሆኜ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሳይት ኢንጂነር ነኝ።

አንድ ዓመት ታህሳስ ላይ የ4ኛ ፎቅ ሶሌታ (የፎቁን ወለል ኮንክሪት) ሞላን። ፎርሙን፣ ማለትም ኮንክሪቱ እስኪጠነክር የሚይዘውን ቅርጽ፣ ከስር የሚሸከመው የብረት ድጋፍ ኪራይ በቀን ነው የሚቆጠረው፣ ባለቤቱ ይደውላል፣ ፎርማኑ ይቸኩላል፣ በ8ኛው ቀን "ኩቡ አልፏል ይፈታ" ተባለ። ኩብ ማለት ከዛው ኮንክሪት ተወስዶ ጥንካሬው ተሰብሮ የሚለካ ናሙና ነው። ኩቡ እውነትም አልፏል፣ ግን ኩቡ የከረመው ስቶር ውስጥ በርሜል ውሃ ውስጥ ነው፣ ሶሌታው ደግሞ ሜዳ ላይ ንፋስ እየመታው በዛ በታህሳስ ሌሊት ብርድ፣ ሲሚንቶ ደግሞ ብርድ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ፈረምኩ። ድጋፉ ከወጣ በኋላ መሃሉ ጎበጠ፣ ከስሩ ስንጥቅ አወጣ፣ እንደገና ደግፈን ሰው አልተጎዳም እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ግን ዛሬም ሌሊት ትዝ ይለኛል።

ይሄ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቨርጂኒያ ቤይሊስ ክሮስሮድስ (ዛሬ ብዙ ሀበሻ የሚኖርበት ሰፈር ነው) እየተሰራ የነበረ ፎቅ ድጋፉ ቶሎ ተነስቶ ተደርምሶ 14 ሰራተኛ ሞተ። በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ዊሎው አይላንድ የሚባል ቦታ የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ማማ ሲሰራ ስካፎልዱ የታሰረው አንድ ቀን እንኳን ባልሞላው ኮንክሪት ላይ ነበር፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ 51 ሰው አለቀ።

አሁን ግን መፍትሄ አለው። ትንሽ ሴንሰር ነው፣ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ላይ ታስራለህ፣ እዛው ተቀብሮ ይቀራል፣ የውስጡን ሙቀት እየመዘገበ በብሉቱዝ ስልክህ ላይ ይልካል፣ ሶፍትዌሩ ስንት ሰዓት በስንት ዲግሪ እንደቆየ ደምሮ ጥንካሬው እዚህ ደርሷል ይልሃል። ዘዴው ማቹሪቲ ይባላል፣ አሜሪካኖቹ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታንዳርድ አድርገውታል። ሞቃት ወቅት ላይ ደግሞ ቶሎ መፍታት እንደሚቻል ስለሚናገር የድጋፍ ኪራይም ያድናል፣ ይሄን ለባለቤቶች ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ግን እንዳንታለል፣ ሴንሰሩ የሚለካው ሙቀት ነው እንጂ ጥንካሬ አይደለም። መጀመሪያ ለዛው ሚክስ (የኮንክሪት ድብልቅ) ኩብ እየሰበርክ ሙቀቱን ከጥንካሬው ጋር የሚያያይዝ ቻርት መስራት አለብህ፣ ከዛ ሚክሰር መኪናው ሳይት ደርሶ "ደረቀብን" ተብሎ ውሃ ከተጨመረበት ያ ቻርት ለሌላ ኮንክሪት የተሰራ ሆነ ማለት ነው፣ ሴንሰሩ ደርሷል እያለህ ኮንክሪቱ አልደረሰም። ስለዚህ ኩቡ አይቀርም፣ ውሃ የሚጨምረውንም እጅ መያዝ የኛ ስራ ነው።

ለድልድይ ደግሞ ነገሩ ከፎርም መፍታት ያልፋል። አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ላይ በ2007 እ.ኤ.አ. ድልድይ ወድቆ 13 ሰው ከሞተ በኋላ በዓመቱ የተከፈተው አዲሱ የኮንክሪት ድልድይ ውስጥ ከ300 በላይ ሴንሰር ነው የገባው፣ ሲለጠጥ ሲንቀጠቀጥ ዝገት ሲጀምር እንዲናገር። ጣሊያን ጄኖቫ ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. የወደቀው የሞራንዲ ድልድይ የሚሸከመው ብረት ኮንክሪት ውስጥ ተሸፍኖ ነበር፣ ዝገቱን ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም፣ 43 ሰው ሞተበት። እኛም ትልልቅ ድልድይ እየሰራን ነው፣ ሴንሰር ደግሞ ገና ሲሞላ ካልገባ በኋላ ውስጡ መቅበር አይቻልም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ የህንጻ ፈቃድ የሚሰጡትን ሰዎች አነጋግሩልን፣ ቢያንስ ፎቅ በበዛበት ህንጻ ላይ ፎርም የሚፈታው የሶሌታው የራሱ ንባብ ከኩቡ ጋር ቀርቦ ሲፈረም ብቻ ይሁን። ዕቃው ከውጭ በዶላር እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ለአንድ ሶሌታ ግን ጥቂቱ ይበቃል፣ አንዱ ጥግ ላይ ብርድ በሚበዛበት አንዱ መሃል ላይ። እኔ ለሚቀጥለው ሶሌታችን 2 አስመጥቻለሁ፣ ንባቡን ከኩቡ ጋር አስተያይቼ ያገኘሁትን እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሳይት ኢንጂነር፣ አዲስ አበባ