ፔኒ ሐሳቧን የለወጠችው በየትኛው ክፍል ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ አሜሪካው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ድራማ ስለ «ዘ ቢግ ባንግ ቲዮሪ» የመጨረሻ ምዕራፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ሰባቱም ዋና ገጸ ባሕርያት አድገውና በስለው እንደተሰናበቱን ይናገራል። በስድስቱ ከሞላ ጎደል እስማማለሁ። በፔኒ ግን ፈጽሞ አልስማማም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ እርሷ ነው።

ወደ እርሷ ከመግባቴ በፊት ስለ ፊዚክስ ሊቁ ስለ ሼልደን ትንሽ ልበል፤ የድራማው ወዳጆች ሲገናኙ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከእርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 2019 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን በተላለፈው መደምደሚያ ሼልደን ከባለቤቱ ከኤሚ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ይቀበላል። ራሱን ሊያሞግስበት ያዘጋጀውን ንግግር ይተውና ጓደኞቹን በየስማቸው እየጠራ ከመቀመጫቸው ያስነሣቸዋል፤ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል፤ እንደሚወዳቸውም ይነግራቸዋል። ብዙ ተመልካች ይህን አይቶ አልቅሷል። ሌላው ተመልካች ደግሞ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሲያስቀይም የኖረን ሰው አንድ ንግግር አይለውጠውም ብሎ ይሟገታል። ማስረጃም አያጣም። ወደ ስቶክሆልም ሲበሩ ሼልደን ፔኒ የታመመች መስሎት ይጨነቃል፤ የሚጨነቀው ግን በሽታው እንዳይጋባበት ነው። እርጉዝ መሆኗን ሲሰማም እፎይ ይላል እንጂ ስለ እርሷ ደስታ ቃል አይተነፍስም። ጓደኞቹ ባልና ሚስቱ ሃዋርድና በርናዴት ከልጆቻቸው ርቀው ልባቸው አልረጋ ሲል እንኳ የሼልደን ሐሳብ ያው ከራሱ አልወጣም።

ደራሲዎቹ የመጨረሻው ንግግር ጎልቶ እንዲታይ ብለው ሼልደንን በዚያ ምሽት ሆን ብለው ወደ ኋላ መልሰውታል፤ ይህን አልክድም። ለውጡ ግን በዚያ ንግግር አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ፔኒ የ«ስታር ትሬክ» ተዋናይ ሌናርድ ኒሞይ የፈረመበትን የወረቀት ናፕኪን በስጦታ ስትሰጠው፣ ሰው መንካት የሚጠየፈው ሼልደን ተነሥቶ አቀፋት። በ2010 ከኤሚ ጋር ተዋወቀ። በ2014 በባቡር ላይ ሳማት። በ2015 የአዲሱን «ስታር ዎርስ» ፊልም የመክፈቻ ምሽት ትቶ የኤሚን ልደት ከእርሷ ጋር አሳለፈ። በ2018 ተጋቡ። በየመካከሉ ይወድቃል፣ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል፣ እኛም እንናደድበታለን፤ ቢሆንም የእያንዳንዱን እርምጃ ምክንያት አይተናል። ስለዚህ ለዚህ ሚና «ኤሚ» የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አራት ጊዜ የተሸለመው ተዋናይ ጂም ፓርሰንስ መድረኩ ላይ ሲቆም፣ እነዚያ ሁሉ ዓመታት ከጀርባው ቆመው ነበር። እኔም አምኜዋለሁ።

የፔኒ ባል ሌናርድ እናቱን ይቅር ያለበት ክፍልም እንዲሁ ነው። ልጇን እንደ ጥናት ናሙና ስታየው የኖረች እናት ናት፤ እርሱም ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ ይህን ቁስል ይዞ ዞሯል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከእርሷ የሚፈልገውን ፍቅር እንደማያገኝ ተረድቶ፣ ሳትለምነው ይቅር አላት። ስለ ጓደኛቸው ስለ ራጅ የሚቆጩ ተመልካቾች አሉ፤ ሁሉም ሲጋባ እርሱ ብቻውን ቀረ ይላሉ። እኔ አልቆጭም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካልጠጣ በስተቀር ከሴት ጋር መነጋገር የማይችል ሰው ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ በአባቱ በኩል ከተዋወቃት ከአኑ ጋር ሊያገባ ተነሣ፤ እርሷ ለንደን ሥራ ስታገኝም አገር ለቆ ሊከተላት እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ፤ ሃዋርድ ደርሶ መለሰው። ብቻዬን እንዳልቀር ብሎ ከማግባት ብቻውን መመለሱ ለራጅ ትልቅ ብስለት ነው።

አሁን ወደ ፔኒ ልምጣ። ከኦማሃ፣ ነብራስካ ተዋናይ ለመሆን ወደ ካሊፎርኒያ የመጣች፣ በቺዝኬክ ፋክተሪ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆና የሠራች፣ ትወናው አልሳካ ሲላት የመድኃኒት ሽያጭ ውስጥ ገብታ በራሷ ገቢ የቆመች ሴት ናት። በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ሦስተኛ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018፣ ልጅ መውለድ እንደማትፈልግ ለባሏ ለሌናርድ ነገረችው። አልቀለደችም፤ ተናድዳም አልነበረም። ሌናርድ አዘነ፤ እርሷም ማዘኑን አየች፤ ሐሳቧን ግን አላጠፈችም። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ውስጥ ባሏን የምትወድ፣ ሥራዋ የተቃናላት ሴት ልጅ አልፈልግም ስትል መስማት ብርቅ ነው። ክፍሉን ያየሁ ቀን ደራሲዎቹን አመሰገንኳቸው።

ነገሩም በዚያ አልቆመም። በጃንዋሪ 2019 የፔኒ የቀድሞ ጓደኛ ዛክ ከሚስቱ ጋር ልጅ መውለድ ስላቃተው ሌናርድ ዘሩን እንዲለግሳቸው ጠየቀ። ሌናርድ በመጀመሪያ እሺ አለ፤ ኋላ ግን የማያሳድገው ልጅ በዓለም ላይ እንዲኖረው አልፈቀደምና ተወው። እዚህ ላይ ጥያቄው እስከ አጥንቱ ወረደ። ልጅ የሚፈልግ ባልና የማትፈልግ ሚስት እየተዋደዱ እንዴት ይኖራሉ? ድራማው ጥያቄውን አነሣ፤ ከዚያም ወራት ሙሉ ዝም አለ። በመደምደሚያው ስንገናኝ ፔኒ እርጉዝ ናት፤ ደስ ብሏታል፤ ሌናርድም ደስ ብሎታል፤ አለቀ።

ሰው ሐሳቡን ይለውጣል የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ይለውጣል። አልወልድም ያለች ሴት ስታረግዝ ልቧ ሊለወጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለች እናት ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ ቅሬታ መውለዷ ላይ አይደለም። ሐሳቧ ሲለወጥ አለማየታችን ነው የሚያንገበግበኝ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ስታስብ አላየናትም። ከበርናዴት ጋር ቁጭ ብላ አላወራችም፤ በርናዴት እኮ ልጅ ሳትፈልግ ወልዳ፣ ከወለደች በኋላም ከራሷ ጋር ስትታገል ያየናት ሴት ናት፤ ለዚህ ወግ ከእርሷ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ሌናርድ ራሱ ምን ተሰማሽ ብሎ ሲጠይቃት አልሰማንም። የሼልደንን ለውጥ አሥራ ሁለት ዓመት በትዕግሥት ያሳዩን ደራሲዎች ለእርሷ አሥር ደቂቃ ነፈጓት።

ጊዜ አጠራቸው የሚለው ማስተባበያም አይሠራም። ፓርሰንስ መቀጠል እንደማይፈልግ ታውቆ፣ ይህ ምዕራፍ የመጨረሻው መሆኑ የተነገረው በኦገስት 2018 ነው፤ ገና አንድም ክፍል ሳይተላለፍ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ 24 ክፍሎች ተላለፉ። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ተበላሽቶ የቆየው ሊፍት እንኳ ተጠግኖ ሲሠራ ለማየት በቅተናል፤ ለእርሱ ጊዜ ተገኝቷል። ለሼልደንና ለኤሚ ግኝትም ሳይንቲስቶች ሽልማቱን ሊነጥቋቸው የሚታገሉበት ሙሉ ታሪክ ተሠርቶለታል።

ጉዳዩ እኔን ከሌላው ተመልካች ይልቅ የሚነካኝ ለምን እንደሆነ የእኛ ሰው ይረዳኛል። በየሰርጉና በየክርስትናው «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ» እየተባልን ነው የኖርነው። ምርቃቱ ከልብ ነው፤ እኔም አሜን ብያለሁ። ነገር ግን ከአሜን በኋላ የሚመጣውን ጥያቄና ምክር፣ የአማቶችን ዝምታ፣ የጓደኞችን ትዝብት የምታውቅ ሴት፣ ፔኒ ያንን ቃል ስትናገር አብራት ቆማ ነበር። ትዳሯ ሳይፈርስ ልጅ አልፈልግም ብላ መኖር የምትችል ሴት ለአንድ ምዕራፍ ያህል አየን። ከዚያ ማንም ምንም ሳያስረዳን፣ ቀድሞውንም የተናገረችው ከልቧ እንዳልነበረ ተቆጠረ። ቆይ ትለውጪዋለሽ ሲሏት የኖሩት ሁሉ ልክ ሆኑ።

ይህ የሆነው ደግሞ ኤሚ በዚያው መደምደሚያ፣ በኖቤል መድረክ ላይ ቆማ ሳይንስ ለሚመኙ ትንንሽ ልጃገረዶች አትችሉም የሚላችሁን አትስሙ ባለችበት ምሽት ነው። ከንግግሮቹ ሁሉ እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ አጭር ነው፣ ጥርት ያለ ነው፤ ኤሚን ሆና የምትተውነው ሜይም ቢያሊክ በእውነተኛው ሕይወቷም የነርቭ ሳይንስ ዶክተር ስለሆነች ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ያምርበታል። የኤሚን ንግግር የጻፈ ብዕር የፔኒን ታሪክ እንዴት በዚህ መልክ እንደዘጋው አልገባኝም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፋችሁ ለሼልደን ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ፔኒን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እናት ለመሆን በቃች ብሎ አልፏታል። በጉዳዩ ላይ ዳግም የምትመለሱ ከሆነ፣ ከኦክቶበሩ ክፍል እስከ መደምደሚያው ያሉትን ክፍሎች እንደገና አይታ ስለ ፔኒ ብቻ የምትጽፍ ሴት ጸሐፊ ፈልጉልን። የሚቃወመኝ አንባቢም ካለ ሐሳቧን የለወጠችበትን ትዕይንት በስሙ ይጥቀስልኝ፤ ከልቤ ማየት እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ