ሥዕሉ እውነተኛ ነው፤ ዋጋውስ?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በሽርሽር መርከቦች ላይ ስለሚካሄደው የሥዕል ጨረታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው «ሐሰተኛ ሥዕል እንዳይሸጥላችሁ ተጠንቀቁ» ብለው መምከራቸው ክፉ አይደለም፤ ግን ፍርሃቱ ያለ ቦታው የገባ መሰለኝ። እኔ ሥራዬ ፍሬም መሥራት ነው። ሰዎች ከመርከብ ገዝተው ያመጧቸውን ሥዕሎች ከጥቅላቸው አውጥቼ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ለክቼ፣ መስታወት አልብሼ ስመልስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከነዚያ ውስጥ «ይሄስ ፎርጅድ ነው» ያልኩት እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛው አብሮት የመጣው የምስክር ወረቀት የሚለውን ነው፤ ፊርማው የሠዓሊው ነው፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። እንዲያም ሆኖ ገዢው ከስሯል።

ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አንድ ጥቅል ይዘው መጡ። ባልየው ከሥዕሉ በፊት ያሳዩኝ ከመርከቡ የተሰጣቸውን የዋጋ ግምት ወረቀት ነበር። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብባት። 4,800 ዶላር ያወጣል ትላለች። እኛ በ1,900 ነው የገዛነው» አሉኝ። ጥቅሉን ስፈታው በሸራ ላይ የታተመ የአንድ ወደብ ሥዕል ነው፤ ጥጉ ላይ በእጅ የተፈረመ፣ አጠገቡ 212/500 የሚል ቁጥር (ከ500 ቅጂ 212ኛው ማለት ነው) ያለበት። ቀለሙ ደስ ይላል። ሚስትየው የት እንደሚሰቅሉት እንኳ ወስነው ነው የመጡት። ባልየው ግን ሌላ ነገር አስበዋል፤ የልጅ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሊሸጡትና ሊረዷት። «ዛሬ ብንሸጠው ስንት ያመጣል?» አሉኝ። ከዚያው እትም ሌሎች ቁጥሮች በየብስ ጨረታዎች ላይ ምን እንዳወጡ አብረን ኢንተርኔት ላይ ፈለግን። ከ200 ዶላር ያለፈ አላገኘንም። ገዢ አጥቶ የተመለሰም ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ማን ዋሸ? ሥዕሉ አልዋሸም። ፊርማውም አልዋሸም።

ጨረታ ማለት አንድን ዕቃ ቢያንስ ሁለት ሰው ሲፈልገው ዋጋው በፉክክር የሚወጣበት መንገድ ነው። መርከብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አጫራቹ መዶሻውን ካሳረፈ በኋላ «በዚሁ ዋጋ ሌላ የሚፈልግ እጁን ያውጣ» ይላል። አምስት ስድስት እጅ ይወጣል፤ ለሁሉም ይደርሳል። አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው ናሙና ነው፤ ገዢው ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የብስ ላይ ካለ መጋዘን የሚላክ ሌላ ቁጥር ነው። ለሁሉም የሚዳረስ ዕቃ ላይ ምን ፉክክር አለ? ይህ መዶሻ ያለው ሱቅ ነው። ሱቅ መሆኑ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሱቁ ራሱን ጨረታ ብሎ መጥራቱ ላይ ነው። ምክንያቱም ጨረታ ሲባል ሰው «ይህን ዋጋ ያወጣው ገበያው ነው» ብሎ ያምናል።

በጽሑፋችሁ ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። የብስ ላይ በሚደረግ ጨረታ አዳራሹ ውስጥ ነጋዴዎች ይቀመጣሉ። እነሱ ነገ መልሰው ለመሸጥ የሚገዙ ስለሆኑ ዋጋው ከልኩ ሲያልፍ እጃቸውን ያወርዳሉ። ተራው ገዢ ባይነግሩትም ከእነሱ ዝምታ ይማራል። መርከብ ላይ ያ ነጋዴ የለም። ያሉት በዕረፍት ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ነጻ ሻምፓኝ የያዙ፣ መርከቡ ወደብ በማይነካበት ቀን የሚሄዱበት የሌላቸው፣ ሒሳቡም በክፍላቸው ካርድ ላይ የሚጻፍላቸው። አንዱ እጁን ሲያወጣ ሌላው «ይሄ ሰው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» ይላል። ያ ሰውዬም ስለ ሌላው እንዲሁ ያስባል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ሰዎች «ሥዕል ገዛሁ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የገዙት ኅትመት ነው። ኅትመት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ራሱ መዳቡን ፍቆ ወይም ድንጋዩ ላይ ስሎ በጥቂት ቁጥር ያሳተመው ሥራ አለ፤ ያ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ሙዚየሞችም ይሰበስቡታል። በሌላ በኩል የተሳለ ሥዕል በፎቶ ተነስቶ፣ በቀለም በሚረጭ ማተሚያ ሸራ ላይ የሚወጣ አለ። ይህ «ዥክሌ» የሚባለው ነው። ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን ያወጣለት ጃክ ዱጋን የተባለ አታሚ ነው፤ መርጨት ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ወስዶ። «በኮምፒዩተር የታተመ» ከማለት «ዥክሌ» ማለት ለጆሮ እንደሚጥም መካድ አይቻልም። በአጉሊ መነጽር ሳየው ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣብ እንደ ጤፍ ተበትኖ ይታየኛል። አንዳንዴ ከላዩ በብሩሽ ጥቂት ቀለም ይጨመርበትና «በእጅ የተዋበ» ይባላል። ብሩሹ የነካው ቦታ ጣት ሲያርፍበት ይሻክራል፤ ገዢውም ጣቱን አሳርፎ «ሥዕል ነው» ብሎ ይወስዳል።

ቁጥሩም ያሳስታል። 212/500 ሲባል በዓለም ላይ 500 ብቻ ያለ ይመስላል። ከዚያ ውጭ ግን «የሠዓሊው ናሙና» ተብለው የሚወጡ አሉ። አንዳንድ ጊዜ በሮማ ቁጥር የሚቆጠር ሌላ ተራ አለ፤ በሸራ የታተመው አንድ እትም፣ በወረቀት የታተመው ሌላ እትም የሚሆንበትም አለ። ይህ ሁሉ በወጉ ከተነገረ ማጭበርበር አይደለም። ችግሩ አጫራቹ አንዱን መስመር ብቻ ማንበቡ ነው።

ታላላቅ ስሞች ሲጠሩ ደግሞ ይበልጥ ማስተዋል ያስፈልጋል። የታዋቂው ሠዓሊ የማርክ ሻጋል ስም ያለባቸው በርካታ ሊቶግራፎች፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተስለው የሚታተሙ ሥራዎች፣ ድንጋዩ ላይ የተሠሩት በሻርል ሶርሊዬ እጅ ነው። ሶርሊዬ ፓሪስ ውስጥ በሙርሎ ማተሚያ ቤት ከሻጋል ጋር የሠራ ባለሙያ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ስሙ ከሥዕሉ ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አይቻለሁ። እወራረዳለሁ፣ ገዢው ያንን መስመር አንብቦ አያውቅም። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት የሞተው እ.ኤ.አ. በ1669 ነው፤ እሱ የፈቀፈቃቸው አንዳንድ የመዳብ ሰሌዳዎች ግን ተርፈው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ባዛን የተባለው አታሚ መስመሮቻቸውን እያደሰ አትሟቸዋል፤ ከዚያም ወዲህ እንደገና ታትመዋል። ስለዚህ «ከሬምብራንት ሰሌዳ የታተመ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሬምብራንት በሕይወት ሳለ በራሱ እጅ ባተመውና በዚህ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው።

ስለ ሐሰተኛ ሥራ ጨርሶ አታንሱ ማለቴ አይደለም። የስፔኑ ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ በባዶ ወረቀት ላይ ይፈርም እንደነበር የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የፈረንሳይ ጉምሩክ ሠራተኞች በአንዶራ ጠረፍ ያስቆሙት መኪና 40,000 ያህል የተፈረመባቸው ባዶ ወረቀቶች ጭኖ ተገኝቷል። በዚያ ወረቀት ላይ በኋላ ማን ምን እንዳተመበት እግዚአብሔር ይወቀው። ኒው ዮርክ ታይምስም እ.ኤ.አ. በ2008 የመርከብ ጨረታ ገዢዎችን ቅሬታና ክስ በሰፊው ዘግቦ ነበር። የዳሊ ስም ያለበት ወረቀት ሲመጣልኝ እኔም ትንሽ ፈገግ እላለሁ። ሆኖም ከመቶ ሰው ዘጠና የሚሆነው የሚጎዳው በዚህ አይደለም ባይ ነኝ፤ ይህ የጠረጴዛዬ ግምት እንጂ ጥናት አይደለም።

የሚጎዳው ያ 4,800 የሚለው ወረቀት ነው። ግምት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የገበያ ዋጋ ነው፦ ሳይገደድ የሚሸጥና ሳይገደድ የሚገዛ ሰው፣ ሁለቱም ነገሩን አውቀው የሚስማሙበት። ሁለተኛው የመተኪያ ዋጋ ነው፦ ዕቃው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ተመሳሳዩን ከሱቅ ለመግዛት የሚጠይቀው፤ ይህ ለኢንሹራንስ ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ አንዳንዴ በብዙ እጥፍ። ከመርከብ የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ የሚሰጠውም ራሱ ሻጩ ነው። ነገሩን ቁጭ ብለው ሲያስቡት ያስቃል። ወረቀቱ «ይህን ሥዕል ከኛ ዘንድ እንደገና ለመግዛት 4,800 ይፈጃል» ነው የሚለው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ! ባልየው ግን «ብሸጠው 4,800 አገኛለሁ» ብለው ነው ያነበቡት፤ እንዲያ እንዲያነቡትም ነው የተሰጣቸው። ገማች ከሻጭና ከገዢ ተለይቶ መቆም አለበት። ከሻጩ ኪስ ደመወዝ የሚወስድ ሰው የጻፈው ቁጥር የመደብሩ ዋጋ እንጂ ግምት አይባልም።

የገዢ ኮሚሽኑን ነገር ጽሑፋችሁ የመርከብ ተንኮል አድርጎ ማቅረቡ ልክ አይደለም። ታላላቆቹ ጨረታ ቤቶች ክሪስቲስና ሶዝቢስ እ.ኤ.አ. በ1975 ካስገቡት ወዲህ የተለመደ ነው። መዶሻው ካረፈበት ዋጋ ላይ በመቶኛ ይጨመራል፤ ከዚያ ፍሬም፣ መላኪያ፣ ኢንሹራንስ፣ እንደየአገሩም ግብር። በ1,000 ዶላር «ያሸነፈ» ሰው ቤቱ ሲደርስ የከፈለውን ደምሮ ቢያይ ይደነግጣል፤ ግን አይደምርም፤ ከመጠጡና ከሽርሽር ጉብኝቱ ጋር አንድ ሒሳብ ላይ ተቀላቅሏልና። በኋላ ቅር ብሎት መክሰስ ቢፈልግም ቀላል አይሆንለትም። መርከቡ ከጠረፍ ከ12 ኖቲካል ማይል ካለፈ ከየትኛውም አገር የግዛት ባሕር ውጭ ነው፤ በመርከቡ ላይ የሚሠራው በዋናነት ሰንደቁን ያውለበለበለት አገር ሕግ ነው፤ እነዚህ መርከቦች ደግሞ ብዙዎቹ የባሃማስን ወይም የፓናማን ሰንደቅ የሚያውለበልቡ ናቸው። የት ፍርድ ቤት፣ በየትኛው ሕግ የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ገዢው ሳያነብ የፈረመበት የደረሰኙ ጀርባ ነው።

ታዲያ ይግዛ ወይስ አይግዛ? እኔ ጨርሶ አይግዛ አልልም፤ እዚህ ላይ ከብዙ ሙያ አጋሮቼ ጋር አልስማማም። ጋለሪ በር ላይ ደርሰው አለባበሳቸውን አይተው የሚመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። መርከብ ላይ ግን ማንም አያፍርም። እድሜውን ሙሉ ሥዕል ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ሊቶግራፍ ሲጠይቅ ይውላል። ይህን ንቆ ማለፍ ትዕቢት ነው። ወዶት የገዛ፣ ገንዘቡ ቢጠፋ የማይጎዳው፣ የትዳር ጓደኛውም የወደደችለት ሰው ምን አጠፋ? ለአንድ ምሽት እራት የሚከፍሉትን ለዓመታት ለሚያዩት ነገር ከፈለ። ችግሩ የሚጀምረው «ኢንቨስትመንት» የሚለው ቃል ከአጫራቹ አፍ ሲወጣ ነው። ያ ቃል ሲሰማ ገዢው ሥዕሉን ማየት አቁሞ ወረቀቱን ማየት ይጀምራል።

ዛሬ መርከብ ላይ ኢንተርኔት አለ። የነገውን ዝርዝር ከዋዜማው ወስዶ የሠዓሊውን ስምና የእትሙን ርዕስ የጨረታ ውጤት በሚመዘግቡ ድረ ገጾች ላይ መፈለግ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መፈለግ ያለበት ሰዎች የሚጠይቁትን ዋጋ ሳይሆን ሽያጩ ያለቀበትን ዋጋ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ አንድ ሰው 5,000 ብሎ ለሦስት ዓመት የለጠፈውን አይተው ይደሰታሉ። ስሙ በየትኛውም የየብስ ጨረታ ላይ ጨርሶ ካልተገኘም መልሱ ተገኝቷል፦ መልሶ የሚገዛ የለም። አጫራቹንም በትሕትና አንድ ነገር መጠየቅ ነው፦ «ይህንኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ይዤላችሁ ብመጣ በስንት ትገዙልኛላችሁ?» ይህን ጥያቄ ለደንበኞቼ አስጠንቼ ልኬአለሁ። እስካሁን ቁጥር ይዞልኝ የተመለሰ የለም።

እነዚያ ባልና ሚስት ሥዕሉን አልመለሱትም፤ መመለሻ ቀኑም አልፎ ነበር። ባልየው ጥቂት ቆዝመው ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ፣ ሚስትየው «እኔ እኮ መጀመሪያም ውሃው ሰማያዊ ስለሆነ ነው የወደድኩት» አሉ። ጠቆር ያለ የእንጨት ፍሬም መረጡ፤ እኔም ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላው መከላከያ ያለው መስታወት አደረግሁለት። ሊወስዱት ሲመጡ ባልየው ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ፖስታ ውስጥ አድርጌ ከሥዕሉ ጀርባ እንድለጥፍላቸው ጠየቁኝ። ለጠፍኩላቸው።

ከአክብሮት ጋር
ፍሬም ሠሪ አንባቢያችሁ