ለልጄ፣ ስለ ውሃው ባጃጅ

ልጄ እንዴት ከረምክ፣ አዳማስ እንዴት ናት። የላክልኝን ቪዲዮ አየሁት፣ ልጁ ከሃይላንድ ላይ ባጃጁ ውስጥ ውሃ እያንደቀደቀ ሲጨምር፣ ሞተሩ ሲነሳ፣ ሰዉም ሲያጨበጭብ። ከስሩ ደሞ «እማ ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገልን፣ 45 ሺ ብር ጣይልኝና ኪቱን ላስገጥም» ብለሃል፣ ባጃጅን በውሃ ያስኬዳል የተባለውን ዕቃ ማለትህ ነው። በስልክ ብነግርህ ሁለት ቃል ሳልጨርስ «እሺ በቃ እማ» ነው ምትለኝ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ፣ አንተም ቁጭ ብለህ አንብበው አቦ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ውሃ ነዳጅ አይሆንም። ገና ስላልተደረሰበት እንዳይመስልህ፣ ወደፊትም አይሆንም፣ ምክንያቱም ውሃ ማለት አንዴ ተቃጥሎ ያለቀ ነገር ነው። ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ሙቀቱን ይሰጥህና መጨረሻ ላይ ሚተርፈው ውሃ ነው፣ እንጨቱ ነዶ አመዱ እንደሚተርፈው ማለት ነው፣ አመድ ደሞ ምጣድ ስር ብታጎርስ እንጀራ አይጋገርበትም።

«ከውሃ ሃይድሮጅን ይወጣል አላልሽም እንዴ» እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ልጅ አይደለህ። አዎ ይወጣል። ባትሪና ሁለት የእርሳስ እምብርት ይዤ ለስንቱ ተማሪ አሳይቼዋለሁ፣ በአንደኛው በኩል ሃይድሮጅን በሌላኛው ኦክስጅን ይንፈቀፈቃል፣ ሃይድሮጅኑን በቲዩብ ሰብስበህ ክብሪት ስታስጠጋው ጷ! ይልና ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል። ያንን ጷታ ግን የከፈለው ባትሪው ነው፣ ውሃው አይደለም። ይሄን ደሞ ማንም አልደበቀውም፣ ውሃን በኤሌክትሪክ መሰንጠቅ በፈረንጅ 1800 እንግሊዝ አገር ኒኮልሰንና ካርላይል የሚባሉ ሰዎች የሰሩት ነው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ ሲሰራ የኖረ ነገር ዛሬ ቲክቶክ ላይ ግኝት ተባለ።

አሁን ሂሳቡን እንስራ፣ ሂሳብ ላይ አትሸሸኝ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማግኘት 9 ሊትር ገደማ ውሃ መሰንጠቅ አለብህ። ምንም ባይባክን እንኳ 39 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል፣ እውነተኛው ማሽን ደሞ ከ50 በላይ ይፈልጋል። ያንን ኪሎ ሃይድሮጅን ሞተር ውስጥ ስታነደው 33 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጥሃል፣ ከዛ ላይ የባጃጅ ሞተር ጎማው ላይ ሚያደርሰው አራተኛውን ያህል ቢሆን ነው፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይተናል። ሃምሳ ሰጥተህ ስምንት ተቀበልክ ማለት ነው። ቶዮታ ሚራይን የመሰለ መኪና በፊውል ሴል፣ ሃይድሮጅንን ሳያነድ ወደ መብራት በሚቀይር መሳሪያ፣ ሲሄድ ይሻላል፣ ግማሹን ያህል ያወጣል፣ ግን እሱም ቢሆን ውሃ አይቀዳበትም፣ በ700 ባር ግፊት የታመቀ ሃይድሮጅን ነው ሚሞላው፣ ያ ሃይድሮጅን ደሞ ዓለም ላይ አብዛኛው ሚሰራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ያንኑ ሃምሳ ኪሎዋት ሰዓት በቀጥታ ባትሪ ላይ ብትጭነው አርባ ገደማው ጎማ ላይ ይደርስልሃል። ይሄ ቁጥር ይያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኪቱ ደሞ ከዚህም ይብሳል። መብራቱን ከየት ነው ሚያመጣው? ከባጃጇ ባትሪ፣ ባትሪዋን ማን ይሞላታል፣ ሞተሩ፣ ሞተሩን ማን ያዞረዋል፣ ቤንዚን። እንግዲህ ቤንዚን አቃጥለህ መብራት ታመርታለህ፣ በመብራቱ ውሃ ትሰነጥቃለህ፣ ጋዙን መልሰህ እዛው ሞተር ውስጥ ታነዳለህ፣ በየመንገዱ እየተቆረሰ ከመቶው አስሩ ከተመለሰልህ ጎበዝ ነህ። «ግን ሞተሩ ሲነሳ አየሁት» ካልክ አዎ ይነሳል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ፣ ቪዲዮው ደሞ ስንት ደቂቃ ነው? ታንኩ ተፈትቶ አላየሁም፣ ካሜራው ወደ መቀመጫው ስር አንዴም አልዞረም።

ከብሩ በላይ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኪቱ ላይ ውሃው ከሚሰነጠቅበት ጠርሙስ ሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አንድ ላይ ተደባልቆ ነው፣ ሁለት እጅ በአንድ እጅ፣ ለመፈንዳት ከዚህ የተስማማ ድብልቅ የለም። ሞተሩ ወደ ኋላ አንዴ ከተፋበት እሳቱ በቱቦው ተመልሶ ጠርሙሱ ጋ ይደርሳል፣ ጠርሙሱ ደሞ አንተ ከተቀመጥክበት ስር ነው። ውሃው መብራት በደንብ እንዲያሳልፍ ብለው ሚጨምሩት ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ አይን ያጠፋል። ሌላው ደሞ «የወጥ ቤት ጨው ጨምርበት» ይልሃል፣ ጨው ስትጨምር ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ እሱ ደሞ ሳንባ ነው ሚያቃጥለው። ይሄን ሁሉ ተሳፋሪ ጭነህ አስበው። በነገራችን ላይ ለዚህ ስራ ንጹህ የተጣራ ውሃ ነው ሚያስፈልገው፣ የድሬን ውሃማ ማንቆርቆሪያዬ እንኳ አልቻለውም፣ ውስጡ በኖራ ተደፍኗል።

ኪቱን ሊገጥምልህ ያለው ጓደኛህ የነዳጅ ኩባንያዎች ደብቀውት ነው፣ አንድ አሜሪካዊ ሰርቶት ገደሉት ብሎሃል። ሰውየው ስታንሊ ማየር ይባላል፣ የኦሃዮ ሰው ነው። መኪናዬ ከሎስ አንጀለስ ኒው ዮርክ በ22 ጋሎን ውሃ ትሄዳለች ሲል ነበር፣ ሁለት ሰዎች ገንዘብ ሰጥተውት ኋላ ላይ ከሰሱት። ባለሙያዎች ፍርድ ቤት ፊት መሳሪያውን መረመሩት፣ ምንም አዲስ ነገር የለውም፣ ያው የተለመደው ኤሌክትሮላይሲስ፣ ውሃን በመብራት መሰንጠቅ፣ ነው አሉ፣ በፈረንጅ 1996 ማጭበርበር ነው ተብሎ ተፈረደበትና 25 ሺ ዶላራቸውን መልስ ተባለ። ሲሞት በፈረንጅ 1998 መርማሪው ሀኪም የጭንቅላት ደም ስር ችግር ነው ብሎ ነው የዘጋው፣ ተረቱ ግን እስካሁን ይሸጣል። «ቴሌቪዥን ላይ ቀርቧል» ለምትለው ደሞ ፓኪስታንን ልንገርህ፣ እዛ በፈረንጅ 2012 አጋ ዋቃር የሚባል ሰው በውሃ ኪት መኪና አስነሳሁ ብሎ አገሩ ተናጠ፣ ሚኒስትር ሳይቀር ደገፈው፣ የፊዚክስ ሰዎች ግን ይሄ አይሆንም አሉ። ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፣ ፓኪስታን ዛሬም ቤንዚን ትገዛለች።

ደሞ ውሃ ሲነካው እሳት ሚሰጥ ነገር አሳይቶህ ከሆነ እሱ ካርባይድ ነው። ጋራዥ ያሉ የብየዳ ሰዎችን ጠይቃቸው፣ ካርባይዱ ላይ ውሃ ጠብ ሲልበት አሲትሊን ይወጣል፣ ይነዳል፣ ላላወቀ ሰው ውሃ የነደደ ነው ሚመስለው። ኃይሉ ግን ካርባይዱ ውስጥ ነው ያለው፣ እሱም ኖራና ከሰል በኤሌክትሪክ ምድጃ 2,000 ዲግሪ አካባቢ ተጋግሮ ነው ሚሰራው፣ ሂሳቡ አስቀድሞ ፋብሪካ ውስጥ ተከፍሏል። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፣ ኃይሉ ከየት መጣ?

ድሮም እኮ እዚሁ ከተማችን ባቡሩ በውሃ ይሄዳል ይባል ነበር። መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በፈረንጅ 1902 ድሬ ሲደርስ ባቡሩ የእንፋሎት ነው፣ በየጣቢያው ውሃ ይጠጣል፣ አባባ ነፍሱን ይማረውና ሲያወራ ከሰዉ ጥም የባቡሩ ጥም ይበልጥ ነበር ይል ነበር፣ በዛ በረሃ አስበው። ግን ውሃው ተሸካሚ ነው፣ እሳቱ ውስጥ ሚገባው ሌላ ነው፣ እሱ ካለቀ ውሃ ሞልቶም ባቡሩ እዛው ይቆማል።

እና ውሃ ጉልበት የለውም እያልኩህ ነው? ኧረ እንዴት! በኛ አቆጣጠር የ1998ቱ ሐምሌ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ምን እንዳደረገ ያየ የድሬ ሰው እንደዛ አይልም፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው፣ አንተ ህጻን ነበርክ። ግን ያ ጉልበት የመጣው ውሃው ከተራራ ስለወረደ ነው። ተራራው ላይ ያወጣው ደሞ ፀሐይ ነው፣ አትንኖ ደመና አድርጎ፣ ማንንም ሳያስከፍል። በተቃራኒው ስትሄድ ምን እንደሚያስከፍል ሐረሮችን ጠይቅ፣ የሐሮማያ ሀይቅ ከደረቀባቸው በኋላ ውሃቸው ከድሬ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ ነው ሚወጣላቸው፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ መሀል ላይ ደሞ የደንገጎ ተራራ አለ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 700 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ምንም ሳይባክን ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል።

ሚወርድ ውሃ ግን አገራችን አላት። በጳጉሜ 2017 የተመረቀው የአባይ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ነው የተገጠመለት፣ ሌሎቹም ግልገል ጊቤው ምኑ ሲደመር የኢትዮጵያ መብራት ማለት ይቻላል ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ከ2010 ጀምሮ ከአዲስ አበባ በድሬ በኩል ጅቡቲ ሚመላለሰው ባቡር በዚሁ መብራት ነው ሚሄደው። በውሃ ሚሄድ ነገር ከፈለግክ እሱን ተሳፈር።

«ወደፊትስ ከባህር ውሃ» ስላልከው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ፊውዥን ይባላል፣ ባህር ውሃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ጥቂቱ ዲዩተሪየም ነው፣ አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 33 ግራም ገደማ፣ እሱን አጋጭቶ ማዋሃድ ነው ሀሳቡ፣ ፀሐይ እንደምትሰራው። እሱ ከነዳጅ ይቆጠራል ካልክ አልከራከርህም። በፈረንጅ ታህሳስ 2022 ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች በሌዘር 2.05 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ሰጥተው 3.15 አወጡ ተብሎ ዓለም ደነቀው፣ ሌዘሮቹ ከመስመር የሳቡት ግን 300 አካባቢ ነበር። እንግዲህ እሱን ባጃጅ ላይ ለማስገጠም ጓደኛህ ትንሽ ይጠብቅ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለኪት 45 ሺ አልሰጥህም፣ 5 ብርም አልሰጥህም። ለኤሌክትሪክ ባጃጅ ግን እጨምርልሃለሁ፣ ያዝልኝ ያልኩህ ሂሳብ ለዚህ ነው፣ ከሃምሳው አርባ፣ ያውም የአባይ ውሃ። መንግስትም ቢሆን በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፣ ነገሩ ወደዛው እየሄደ ነው። ዝም ብለህ ግን አትግዛ። ባትሪው ሊቲየም ነው ወይስ የድሮው ሊድ፣ አንዴ ተሞልቶ ተሳፋሪ ጭኖ ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል (ወረቀቱ ላይ ያለውን ተወው፣ ሚነዱትን ልጆች ጠይቅ)፣ ባትሪው ሲሞት መቀየሪያው ስንት ነው፣ ዋስትና ማን ይሰጣል፣ እናንተ ሰፈር ማታ መብራት ስንቴ ይጠፋል። እነዚህን ጽፈህ ላክልኝ፣ ዋጋው ካሳመነኝ እቁቤ ሲወጣ የጎደለውን እሞላለሁ፣ የአሁኑን ባጃጅ ከሸጥከው በኋላ ማለቴ ነው እንጂ ሁለት ባጃጅ ልገዛልህ አይደለም ዋሪያ።

ጓደኛህ አሁንም ድርቅ ካለ አትጣላው፣ እንዲህ በለው፣ የቤንዚን ታንኩን ፍታ፣ ካርቡሬተሩን አድርቅ፣ ከውሃ በቀር ምንም ዱቄት ምንም ብረት አይጨመር፣ ባትሪውን ጠዋት በቮልቴጅ መለኪያ ለካ፣ ከዛ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ጭነህ ስራና ማታ እንደገና ለካ። ከሰራ እኔ ራሴ ድሬ ላይ ወኪል እሆንለታለሁ፣ ወላሂ። እስከዛ ቀብድ ሰጥተኸው ከሆነ ዛሬውኑ ተቀበለው፣ «ነገ እሰጥሃለሁ» ካለህም አብረኸው ሂድ። ከመግሪብ በኋላ ደውልልኝ፣ እህትህ ሰላም ብላሃለች።

እናትህ