ላክቲክ አሲድ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከስፖርት ማግስት ሰውነት ሲተሳሰር «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ይባላል። ስህተት ነው።

ጡንቻ የሚኮማተረው ኤቲፒ በተባለ ሞለኪውል ኃይል ነው። በጡንቻው ውስጥ ያለው ኤቲፒ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይበቃል፤ በጡንቻው የተከማቸው ሌላ የኃይል ምንጭ፣ ክሬቲን ፎስፌት፣ እየተካው ፈጣን ሩጫን እስከ 10 ሰከንድ ገደማ ያደርሳል። ከዚያ ግሉኮስ ያለ ኦክስጅን በፍጥነት ይሰባበራል፤ በተለምዶ ላክቲክ አሲድ የሚባለው ላክቴት የሚበዛው ያኔ ነው። ሩጫው ሲረዝም በኦክስጅን የሚቃጠሉት ስኳርና ስብ ሥራውን ይረከባሉ። ላክቴቱንም ልብና ሌሎች ጡንቻዎች ለነዳጅነት ይጠቀሙበታል፤ እረፍት ከተጀመረ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ሕመሙ ግን የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ታዲያ የሌለ ነገር እንዴት ያማል?

ዋናው ምክንያት ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ የሚደርስበት ጥቃቅን ጉዳትና ተከትሎት የሚመጣው ብግነት ነው። ደረጃ ከመውጣት ይልቅ መውረድ ጭንን የሚያሳምመውም ለዚህ ነው፤ የፊተኛው የጭን ጡንቻ ክብደታችንን እንደ ፍሬን እየያዘ ይረዝማል። በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይበጃል፤ ያው እንቅስቃሴ ሲደገም ሕመሙ በጣም ይቀንሳል። ጡንቻን እየሳቡ ማፍታታት፣ ብዙዎች ቢያምኑበትም፣ ሕመሙን እምብዛም አያስቀርም።

ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ነው፤ ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ፕሮቲን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች