ሐይቅ ዳር ቤት የሚገዛ ሰው ውሃው ሲሞላ ይሂድ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከከተማ ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር ቤት ስለመግዛት ሲወራ የሚነሳው እይታው ነው፤ ገዢውን የሚያከስረው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ቤቱን በደረቁ ወቅት ብቻ አይታችሁ አትዋዋሉ። ሐይቁ ሲሞላ መሄድ ካልተቻለ፣ በዛፍ ግንድና በአጥር ድንጋይ ላይ ውሃው ጥሎት የሄደውን መስመር ፈልጉና ከቤቱ ወለል ጋር በውሃ ልክ መሣሪያ አነጻጽሩ።

ከግድግዳው ግርጌ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ከታየ፣ ልስኑም ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ መሠረቱ እርጥበት እየሳበ ነው። እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባማ ይበልጥ ተጠራጠሩ።

ከሁሉ የሚብሰው የፍሳሽ ጉድጓዱ ነው። ፍሳሽ በአፈር ውስጥ እንዲጣራ ከማስረጊያው (ፍሳሹ ወደ አፈር ከሚሰርግበት ቦታ) ግርጌ እስከ ከርሰ ምድር ውሃው 1 ሜትር ገደማ ደረቅ አፈር ያስፈልገዋል። ሐይቅ ዳር ይህ ርቀት ይጠባል፤ ውሃው ሲነሳ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ሐይቁና ወደ መጠጥ ውሃ ጉድጓዱ ይገባል፣ ሽንት ቤቱም አልወርድ ይላል። ስለዚህ የመጠጥ ጉድጓዱ ውሃ በላቦራቶሪ ይመርመር፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው፣ ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ ጨርሶ መገኘት የለበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከፍሳሽ ጭምር ወደ ውሃ ለሚገባው ናይትሬት ለተባለ ውህድ ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው።

ወሰኑን ቀያሽ ይለካው፤ ከውሃው ዳር በስንት ሜትር ውስጥ መገንባት እንደተከለከለም ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ በሥራ ቀን ጠዋት ነድታችሁ እዩት።

አንባቢያችሁ