ቅዳሜ ማታ ማይኩ ሲደርስሽ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መልእክትሽ ሲደርሰኝ ባቡር ውስጥ ነበርኩ። ስምሽን ስክሪኑ ላይ ሳየው ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ዓመታት ተጠፋፍተን ቆይተን፣ ለካ አንቺ ጃፓን ገብተሻል! ያውም ኮቤ! እኔ ያለሁት ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ፣ የሐበሻው ሰፈር ዮትሱጊ ነው። በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የቤተሰቡን፣ የሰፈሩን፣ የማን አገባ የማን ወለደውን ወሬ በአካል ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። የጠየቅሽኝ ግን ለቅዳሜ ስለሆነ እሱን ላስቀድም።

የላቦራቶሪሽ ሴቶች ካራኦኬ ሊወስዱሽ ነው። ሁሉም የአኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ፊልም ዘፈን ነው የሚዘፍኑት። «ምን ልዝፈን?» አልሽኝ። ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው ይልቅ ለእኔ በማምጣትሽ በጣም ደስ ብሎኛል፤ እዚህ አገር ሰው የለመድኩት በካራኦኬ ነውና።

እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅሽን ሊመዝን የሚመጣ የለም። ካራኦኬ ቦክስ ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ይዘጋል፣ መጠጥ ይታዘዛል፣ ማይኩ ይዞራል። ቤቱ የሚሞቀው ሌሎቹ አብረውሽ ሲሉ ነው። ስለዚህ «እችለዋለሁ ወይ?» ከማለትሽ በፊት «አዝማቹን ያውቁታል ወይ?» በይ። እኛ ሠርግ ላይ አውጪዋ ብቻዋን ምንም እንደማትሆነው፣ እዚህም ተቀባይ የሌለው ዘፈን አይደምቅም።

ለዚህ የሚወዳደረው የሌለ አንድ ዘፈን አለ። «ዛንኮኩ ና ተንሺ ኖ ቴዜ» ይባላል። በ1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) የወጣው፣ ኢቫንጌሊዮን የሚባለው አኒሜ መክፈቻ ዘፈን ነው፤ የዘፈነችው ዮኮ ታካሃሺ ናት። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ካራኦኬ ቤት በብዛት ከሚዘፈኑት መሀል ነው። አኒሜውን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ዘፈኑን ያውቀዋል።

ግን ተዘጋጅተሽ ግቢ። መግቢያ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። ርዕሱ ከስክሪኑ ላይ እንደጠፋ ያንቺ ድምፅ ይጠበቃል። ከበሮ ሳይገባ፣ ቀስ ተብሎ የሚዘፈን ስንኝ ነው። እሷን ስትዪ ሰዎቹን እያቸው። የምትጠጣው ብርጭቆዋን ታስቀምጣለች። ታብሌቱ ላይ ለተራዋ ዘፈን የምትመርጠው ቀና ትላለች። ከዚያ ከበሮው ሲገባ ጭብጨባው አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ያቺን የመጀመሪያ ስንኝ ስክሪን ሳታዪ እስክትያት አጥኚያት። ለቀረው አትጨነቂ፤ ከካንጂው፣ ከከባዱ ፊደል በላይ ንባቡ በቀላሉ ፊደል በትንንሽ ሂራጋና ይጻፋል።

ከተቻለ ግን በእሱ አትጀምሪ። መጀመሪያ «ሙንላይት ደንሴትሱ»ን አስገቢ። የ1992ቱ የሴይለር ሙን መክፈቻ ነው። ከፍ የሚል ድምፅ አይጠይቅም፣ ዜማው ቶሎ ይያዛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያኔ ሕፃን ለነበሩ ሴቶች ሁሉ ልጅነታቸው ነው። ሁለተኛውን ማይክ ሳትለምኚ ያነሱታል። ለአዲስ እንግዳ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ፕሮፌሰሯ ጡረታ የደረሰች ናት አልሽ አይደል? እሷን እንዳትረሺ። ወጣቶቹ የዚህን ዓመት ዘፈን ብቻ ሲደራርቡ ትልልቆቹ ጥግ ይዘው ፈገግ ብለው ይቀመጣሉ። ያሳዝነኛል። ለእሷ «ታቺ»ን ዝፈኚላት። የ1985 ነው፤ ዮሺሚ ኢዋሳኪ ናት የዘፈነችው። የቤዝቦል ታሪክ ያለው አኒሜ ስለሆነ እስከ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጨዋታ ላይ ደጋፊ በጥሩምባ ይነፋዋል። ስለዚህ ወጣቶቹም አዝማቹን ያውቁታል። ፕሮፌሰሯ በእግሯ ምት መምታት ስትጀምር ታያለሽ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ከሌላ አገር የመጡ ተማሪዎች ካሉ ደግሞ ናሩቶ የሚባለው አኒሜ «ብሉ በርድ» አለ፤ ኢኪሞኖጋካሪ የሚባለው ባንድ የ2008 ዘፈን። እሱም እንደ ኢቫንጌሊዮኑ በቀጥታ በድምፅ ነው የሚጀምረው። ናሩቶን ደግሞ የማያውቅ የት አለ?

አሁን የማልመክርሽን ልንገርሽ። «ጉሬንጌ» ጥሩ ዘፈን ነው። ሊሳ በ2019 ለዴሞን ስሌየር ስትዘፍነው አገር ምድሩ አብሯት ዘፍኗል። ነገር ግን ትንፋሽ አይሰጥም፤ አዝማቹ ደግሞ ሽቅብ ነው። የዮአሶቢው «አይዶል»ም እንደዚያው። በ2023 ዓለምን ያዳረሰው የኦሺ ኖ ኮ መክፈቻ ማለቴ ነው። ይፈጥናል፣ መሀል ላይ ራፕ አለው፣ ኪው (የዜማው ከፍታ) ይቀያየራል። ሁለቱም የሚያምሩት በደንብ ለያዛቸው ሰው ነው። መሀል ላይ ስትቆሚ ክፍሉ አብሮሽ ይቆማል። ይዘፈኑ ከተባለ የለመደችው ትዝፈን፣ አንቺ ከኋላ ጩኺላት። «አይዶል» ውስጥ የደጋፊ ጩኸት የሚገባበት ቦታ አለ፤ እሱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ከፍታው ካስቸገረሽ ኪውን አውርጂው። ታብሌቱ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ፤ አንድ ስትነኪ ግማሽ ቶን ይወርዳል። ሁለት ሦስት ብታወርጂ ማንም ልብ አይልም። ወንድ የዘፈነውን ደግሞ ወደ ላይ አራት አምስት ስታደርጊው ለሴት ድምፅ ይመቻል። የ1999ኙን የዲጂሞን መክፈቻ «በተር-ፍላይ»ን እንዲህ አድርገው የሚዘፍኑ ሴቶች ሰምቻለሁ፤ ያምራል። ብዙ ሰው ግን ኪውን መንካት ያፍራል። የሚያሳፍር ነገር የለውም! ካራኦኬ የተወለደው እዚያው አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው ይባላል። ዳይሱኬ ኢኖዌ የሚባል ሙዚቀኛ ኮቤ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ደንበኞችን እያጀበ ይሠራ ነበር። አንዱ ደንበኛው ለጉዞ አብረኸኝ ካልመጣህ ሲለው፣ መሄድ ስላልቻለ ሰውየው የለመደውን አጃቢ በቴፕ ቀድቶ ሰጠው። በ1971 ማሽኑን ሠራ። እንግዲህ ነገሩ ከመነሻው ሙዚቃው ለሰው እንዲመች የተባለ ነው። ነጥብ የሚሰጠውንም ነገር አጥፊው። የሰዉ ዓይን ከዘፋኟ ወደ ቁጥሩ ነው የሚሄደው።

ሌላው፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰማው መክፈቻ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ማሽኑ ላይ ግን ሙሉው ዘፈን ይመጣል። የዘፈኑ ሁለተኛ ክፍል ላይ አብሮሽ የሚዘፍነው ይሳሳል። ወይ እሱን አጥኚ፣ ወይ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ አቋርጠሽ ማይኩን አቀብይ። እኔ ማቋረጡን እመርጣለሁ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል። ያኔ ለመጨረሻ «ሲክሬት ቤዝ»ን አስገቢ። ዞን የሚባሉ ልጆች በ2001 ዘፈኑት፣ በ2011 ደግሞ አኖሃና የሚባለው አኒሜ መዝጊያ ሆነ። ስለዚህ ሁለት ትውልድ ያውቀዋል። ዝግ ያለ ነው፣ የሚለያዩ ጓደኛሞች ዘፈን ነው። እኔ እሱን በዘፈንኩ ቁጥር ማንን እንደማስብ አንቺ ታውቂያለሽ።

«ያገርሽን ዝፈኚልን» ካሉሽም እሺ በያቸው። ትዝታ ያለ ሙዚቃ በይላቸው። «ኤንካ» የሚባለው የድሮ ዘፈናቸው ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከትዝታችን ጋር አንድ ስለሆነ ጆሯቸው አይደነግጥም። ፕሮፌሰሯ በተለይ ትወደዋለች።

እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ደውዪና ማን ምን እንደዘፈነ አንድ በአንድ ንገሪኝ። ረፍት ስታገኚ ደግሞ ዮትሱጊ ነይ፤ እንጀራም ቡናም አለ፣ ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ጥሩ ካራኦኬ ቤት አለ።

ናፋቂሽ