ቅዳሜ ማታ አብራችሁን ላመሻችሁ ሁሉ

ውድ ወዳጆቻችን፣

ስለ ኢትዮጵያና እንግሊዝ የወዳጅነት ማኅበር ታሪክ ለንደን ላይ ባሰናዳነው ምሽት የተገኛችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በዚያ ዝናብ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብለን አልጠበቅንም። ወንበር አልቆ ወጣቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ነው ያመሹት።

የአንግሎ ኢትዮጵያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ውስጥ ሲቋቋም ከባዶ አልተነሳም። በክፉው ቀን ከጎናችን የቆሙ እንግሊዛውያን ቀድመው ነበሩ። ለሴቶች መብት በመታገል የታወቁት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣቸውን የጀመሩት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት! ብዙ መንግሥታት ፊታቸውን ባዞሩብን ሰዓት እሳቸው ጻፉልን፤ 20 ዓመት ሙሉ። ኋላም ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አርፈው ቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ።

ጠረጴዛው ላይ ከዘረጋናቸው የጋዜጣው እትሞች በአንዱ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የመዋጮ ጥሪ ወጥቷል። ልዕልቲቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ሲሆኑ፣ እዚሁ ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ያረፉ ናቸው። ሆስፒታሉን ዛሬ ጦር ኃይሎች እያልን ነው የምንጠራው። ለግንባታው ገንዘብ በማሰባሰብ ሲልቪያ ብዙ ደክመዋል። አንዲት እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ጥሪውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው «እኔ እኮ ነርስነት የተማርኩት እዚህ ሆስፒታል ነው፤ በነዚህ ሰዎች ሳንቲም» አሉን። እማማ፣ ያንን ስለነገሩን ዕድሜ ይስጥልን። ከእኛ ንግግር ሁሉ የእርስዎ አንድ ቃል በለጠ።

ማኅበሩን እስከ ዛሬ በነፃ ጉልበታችሁ ያቆያችሁ እንግሊዛውያን ወዳጆቻችን፣ ውለታችሁ አለብን። ስለ አገራችን የሚያወሩ ምሁራንን ጋብዛችሁ፣ አዳራሽ ፈልጋችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ ነው የቆያችሁት። ይህ ሥራ ብዙ ሰው አያየውም፤ እኛ ግን አይተነዋል። ከሥራ በቀጥታ መጥታችሁ ቡና ያፈላችሁ እህቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። እስከ እኩለ ሌሊት አዳራሹን ያጸዳችሁ ልጆችም ተባረኩ።

ጋዜጦቹን ያዋሱን ቤተሰብ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲቆዩ ፈቅደውልናል። ቅዳሜ ያልተመቻችሁ ኑና እዩ። ከሆስፒታሉ ዘመን የቀረ ፎቶ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ ኮፒ አድርገን ዋናውን ወዲያው እንመልስላችኋለን።

አዘጋጆቹ